ስለ ዕጣ ሙከራ፤ የመድኃኒት ፈተናና የልማት ፈተና የሚመሳሰሉበትና የሚለያዩበት



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ አገር ልማት የሚቀርቡ ማስታወሻዎች «ይህ ዘዴ እንደ መድኃኒት ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው» የሚል ቃል ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ቃሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በመቱ፥ በጎሬ፥ በያዮ ወይም በቡሬ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በእንዲህ ያለ ማስታወሻ የመንግሥትን ገንዘብና የባላገሩን ድካም የሚያዝ ሹም፥ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን፥ ደግሞም ለድሃ የሚሰጥ ገንዘብ፥ ችግኝ ወይም ትምህርት እንዴት እንደሚፈተን ካላወቀ፥ የማስታወሻውን እውነት ከማጋነኑ ለይቶ ለማየት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ስፍራ እንደሚከተለው ለማስረዳት እንወዳለን። በጽሑፉ የሚገኘው የዓመት ቁጥር ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከራሳችን ማሳ እንጀምር። ገና ለጋ የሆነውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1971 ነው። በሽታው ማሳ ለማሳ ሲያዳርስ አንዳንድ ዛፍ ብቻውን ደኅና ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን የተመለከቱ የምርምር ሰዎች በ1974 በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለው ስፍራ የደኅነኞቹን ዛፎች ዘር ለቅመው ወሰዱ፤ በጅማ አጠገብ በመልኮ በሚገኘው የምርምር ጣቢያም ፈተኑት። 74110ና 74112 የተባሉት የታወቁ ዝርያዎች የተገኙት ከዚሁ ነው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። እንግዲህ የሙከራ ነገር ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከጓሮው የወጣው ዘር ተፈትኖ ለሌላውም የቡና አገር ተርፏል።

የእርሻ ሙከራ የሚታመነው ግን ሊቃውንት ስለ ሠሩት ብቻ አይደለም። አዲሱን ዝርያ በለማው፥ አሮጌውን በከሳው መሬት የተከለ ሰው በመከር ጊዜ የሚመዝነው ዝርያውን ሳይሆን አፈሩን ነው። መሬቱን በዐይን እያዩ ማመሳሰልም አይበቃም፤ ውሃ ከሥር የሚያልፍበትን፥ ከሃያ ዓመት በፊት በረት የነበረበትን ስፍራ ዐይን አያየውምና። ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፥ ሮትሐምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከ1919 ጀምሮ ሲሠራ ሳለ፥ የትኛው ዘር በየትኛው ቁራሽ መሬት ላይ እንደሚውል ዕጣ ይወስን የሚለውን ሥርዓት አቆመ፤ በ1925ና በ1935 ባሳተማቸው መጻሕፍትም አስፋፋው። ዕጣ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ልዩነት በሁለቱ ወገን ላይ ይበትነዋል። በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነም በሒሳብ ለመገመት ያስችላል። እቁብ የገባ ሰው ሁሉ የዚህን ሥር በልቡ ያውቀዋል፤ የእቁብ ዳኛ ዕጣውን በሰው ፊት የሚያወጣው ወገን እንዳይለይበት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። በሁሩሙ ወረዳ ላለ አንድ ሹም ለመቶ ቤተ ሰብ የሚበቃ የቡና ችግኝ ደረሰው እንበል፤ ጠያቂዎቹ ግን ሦስት መቶ ናቸው። ሹሙ ችግኙ እንዳይባክን አስቦ ለብርቱዎቹና ለተመሰገኑት ገበሬዎች ያድላል። ከአራት ዓመት በኋላም የእነዚያን ቤት ከጎረቤቶቻቸው ቤት ጋር አስተያይቶ «ችግኙ ይህን ያህል ሀብት ጨመረ» ብሎ ወደ መቱ ይጽፋል። ሹሙ አልዋሸም። ሆኖም ብርቱው ገበሬ ችግኙ ባይደርሰውም ከጎረቤቱ ይበልጥ ነበር። ይህ አዲሱን ዘር በለማው መሬት ከመትከል በምንም አይለይም። በዚያ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ለሌላ ወረዳ ገንዘብ የተመደበ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ ከአንድ ሹም ወደ ብዙ ሰው ቤት ይሻገራል።

ከእርሻ ወደ ሕክምና የተሻገረው ይኸው የዕጣ ሥርዓት ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በአሜሪካ በ1943 ተገኘ። ብሪታንያ ግን በጦርነቱ ደኽይታ ስለ ነበር ለሕመምተኞቿ ሁሉ የሚበቃ ለመግዛት አልቻለችም። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም፥ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለውን የስታቲስቲክ ሊቅ ይዞ፥ መድኃኒቱ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ በዕጣ መስጠት በደል አለመሆኑን፥ እንዲያውም ዕድሉን ሳይጠቀሙበት መቅረት በደል መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ 107 ሕመምተኞች በዕጣ ተለዩ፤ 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፥ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሐኪሙ በአዘነለት ሰው ላይ እጁ እንዳያዘነብል ማለት ነው። የሳንባውን ራጅ የሚመረምሩትም የየትኛው ወገን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4፥ ከ52ቱ 14 ሰዎች ሞቱ። ጽሑፉ በ1948 ወጣ፤ ዘዴውም ከዚያ ወዲህ የሕክምና ሕግ ሆነ።

የዚህን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ነው። እነዚያው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቈጠሩ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 32፥ ካልወሰዱት 52 ሰዎች 35 ሞተው ተገኙ። የበሽታው ተሐዋሲ መድኃኒቱን ለምዶት ነበርና በስድስት ወር የታየው ትልቅ ጥቅም በአምስት ዓመት አብዛኛው ጠፋ። ሐኪሞቹ ግን ሙከራውን አልጣሉትም፤ ሁለት መድኃኒት አብሮ መስጠት ይሻል እንደ ሆነ በሌላ ዕጣ ፈተኑ፥ እንደሚሻልም አገኙ። መቼ እንደ ተለካ ያልተነገረ ውጤት ግማሽ ውጤት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ወደ ኤኮኖሚ ሊቃውንት እንምጣ። እነዚህ ሰዎች ዕጣውን ከሐኪሞች ተቀብለው በሰፊው መሥራት የጀመሩት ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። የሜክሲኮ መንግሥት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለሚልኩ ድሆች ገንዘብ መስጠት ሲጀምር፥ ከ506 መንደሮች 320ው አስቀድመው እንዲያገኙ፥ 186ቱ ቈይተው እንዲገቡ በዕጣ አስለየ። በኬንያ ማይክል ክሬመርና ባልንጀራው ኤድዋርድ ሚጌል የሆድ ትል መድኃኒት በ75 ትምህርት ቤቶች በየተራ እንዲሰጥ አድርገው ፈተኑ። ክሬመር፥ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከአገራችንም ጥሩ ምሳሌ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉት ሊቃውንት በኢትዮጵያ በአምስት ፋብሪካዎችና ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ሥራ ለመቀጠር የመጡትን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን ሥራውን አገኘ፤ ሁለተኛው 300 የአሜሪካ ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ትምህርት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በጥቂት ወር ውስጥ ለቀው ስለ ነበር ገቢያቸው ከማነጻጸሪያዎቹ አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸው ተገኘ። ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በሲሶ ጨምሮ ነበር። ይህ በ2018 በታተመ ጊዜ ብዙ ሰው «ለወጣት ገንዘብ መስጠት ይሻላል» ብሎ ደመደመ። ሊቃውንቱ ግን እንደ እንግሊዞቹ ሐኪሞች ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ቈጠሩ። ሦስቱም ወገን ተስተካክሎ አገኙት፤ ነጋዴዎቹ ንግዳቸውን ትተዋል፥ የፋብሪካውም የጤና ጉዳት አልፏል። ስትሬፕቶማይሲን የነገረንን ይህም ይነግረናል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አንብቦ ያዘዘ ሹም እንዴት እንደሚታለል አንባቢ ራሱ ይመልከት።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ።

መጀመሪያ፥ መድኃኒት የሚፈትን ሐኪም መድኃኒቱን የሚመስል ባዶ ክኒን ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሕመምተኛውም ሐኪሙም የቱ እውነተኛ እንደ ሆነ አያውቁም። ባዶ ገንዘብ ግን የለም፤ ብር የደረሰው ሰው እንደ ደረሰው ያውቃል፥ የቀረበትም ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በታንዛኒያ ቦሎቄን የሚመስል ጥራጥሬ የተሻሻለ ዘር ለገበሬዎች በሁለት መንገድ ተሰጥቶ ነበር። በአንደኛው መንገድ ገበሬው የተቀበለው አዲስ ወይም ነባር ዘር መሆኑ ተነገረው፤ አዲሱም በለጠ። በሁለተኛው መንገድ ሁለቱ ዘሮች እንዳይለዩ ተደርገው ተሰጡ፤ ልዩነቱም ጠፋ። ልዩነቱን ያመጣው ዘሩ ራሱ ሳይሆን ገበሬው የተቀበለውን ዘር ዐውቆ በዚያው መጠን መትጋቱ ወይም መስነፉ ነበር። ውጤቱ በ2014 ታትሟል። በእኛም ዘንድ ሹም እየመጣ የሚያየው ማሳ ከማይታየው ማሳ ይበልጥ እንደሚታረም ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ስለዚህ መለኪያውን የሚይዘው ሰው ቢያንስ የትኛው ቤት ችግኝ እንደ ደረሰው የማያውቅ ይሁን።

ሁለተኛ፥ አንድ ሰው የሚውጠው የራስ ምታት መድኃኒት ጎረቤቱን አይነካውም። በኤኮኖሚ ግን አንዱ ያገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላውን ይነካዋል። በኬንያው የሆድ ትል ሙከራ መድኃኒቱ ያልደረሳቸው ልጆች እንኳ ከታከሙት አጠገብ በመሆናቸው ተጠቅመዋል፤ ትሉ የሚተላለፍ ነውና። በአዲስ አበባም የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጀመረ ጊዜ አስቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተው ነበር። ሰዎቹ በሕዝብ ሥራ ስለ ተያዙ ለግል ቀጣሪ የሚቀርበው ጒልበት አነሰ፥ የቀን ሠራተኛም ደመወዝ ከፍ አለ፤ በፕሮግራሙ ያልተመዘገቡትም በዚህ ተጠቀሙ። እነዚህን ያልተመዘገቡ ሰዎች «ምንም ያልደረሳቸው» ብሎ ለማነጻጸሪያ የያዘ ሰው የሥራውን ጥቅም አሳንሶ ይጽፍ ነበር። ተቃራኒውም ይሆናል፤ በአንድ ቀበሌ ለሃያ ሰው የወፍጮ መግዣ ብድር ቢሰጥ የአንዱ ደንበኛ ከሌላው የተወሰደ ሊሆን ይችላል። የምርምር ጣቢያ ሰው በቁራሽ መሬቶቹ መካከል ጠባቂ ረድፍ የሚተክለው አንዱ በሌላው ላይ እንዳያጠላበት ነው፤ በሰው መንደር ግን ጠባቂ ረድፍ የለም። መድኃኒቱ ዕጣውን በሰው በሰው ሳይሆን በቀበሌ በቀበሌ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ውጤቱ ከአገር ወደ አገር መሻገሩ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ «የሰው አካል አንድ ነው፥ ስለዚህ የሕክምና ውጤት በየትም ይሠራል፤ ገበያ ግን በየአገሩ ይለያያል» ይላሉ። አባባሉ በግማሽ እውነት ነው። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 ስለ ዐይነ ማዝ በሽታ አንድ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለመንደሩ ሁሉ እንዲታደል፥ የትኛው መንደር አስቀድሞ እንደሚያገኝ ደግሞ ዕጣ እንዲወስን ተደረገ፤ ማነጻጸሪያዎቹም በአንድ ዓመት ዘግይተው ተቀበሉ። መድኃኒቱ ለዐይን ታስቦ ሳለ፥ በታከሙት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሞት ካልታከሙት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ፤ ይህም በ2009 ተጻፈ። የሚያስደንቅ ነገር ስለ ነበር ሌሎች ሊቃውንት በኒጀር፥ በማላዊና በታንዛኒያ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እጅግ በሰፋ ሙከራ ደገሙት። በ2018 የወጣው ውጤት በኒጀር ሞት ከመቶ 18 ያህል መቀነሱን፥ በማላዊ ከመቶ 6፥ በታንዛኒያ ከመቶ 3 ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ የሁለቱ ኋለኞች ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልራቀም። አንድ ክኒን፥ አንድ የሰው አካል፥ ሦስት አገር፥ ሦስት ውጤት። መድኃኒት እንዲህ ከሆነ ብድርና ሥልጠና ምን ያህል ይለያይ!

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰኝ የዶሮዎቹ ነገር ነው። በኢትዮጵያ፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በፓኪስታን፥ በፔሩና በሆንዱራስ እጅግ ድሆች ለሆኑ ቤተ ሰቦች እንስሳ ወይም መነገጃ፥ ለጊዜው የሚሆን ስንቅ፥ ትምህርትና የቁጠባ መንገድ አንድ ላይ ተሰጥቶ በዕጣ ተፈትኖ ነበር፤ የአገራችን ክፍል በትግራይ ተካሄደ። በ2015 የታተመው ጽሑፍ በአምስቱ አገሮች ጥቅሙ ከወጪው መብለጡን ያሳያል። በሆንዱራስ ግን ብዙዎቹ ቤተ ሰቦች ዶሮ መርጠው ነበር፤ ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ፥ ወጪውም ሳይመለስ ቀረ። የስድስቱን አገር መካከለኛ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሹም ይህን አያይም። እኛ ግን የእርሻ ሰዎች ነንና ከቁጥሩ በፊት የሚከተለውን እንጠይቅ፤ እንስሳው ምን ነበር? አገሩ ደጋ ነው ቆላ? ገበያው ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ክረምት ገብቶ ከዲዱ ወይም ከኖጳ ወደ መቱ የሚያወጣው መንገድ ጭቃ ሲሆን ያ ዘዴ ምን ይሆናል?

ስለ ሕሊና ጉዳይም ጥቂት መናገር ይገባል። በሕክምና ሙከራ የሚገባ ሰው ጉዳቱንና ጥቅሙን ሰምቶ ይፈቅዳል፤ ከሐኪሙ የተለየ ጉባኤም ሙከራውን ይመረምራል፥ ጉዳት የታየ እንደ ሆነ ያስቆማል። በልማት ሙከራ ሊቃውንቱ ዛሬ ይህን ሥርዓት ይከተላሉ። ሹም በራሱ ሥልጣን የሚያደርገው ሙከራ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም፤ ባላገሩም ሹም ያቀረበለትን ነገር እንቢ ለማለት ያፍራል ወይም ይፈራል። በአፈረ ሰው ላይ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ደግሞም ዕጣ የሚገባው ነገሩ ለሁሉ ሳይበቃ ሲቀርና መጥቀሙ ገና ሳይታወቅ ብቻ ነው። ለሁሉ የሚበቃ ከሆነ ለሁሉ ይሰጥ፤ መጥቀሙ የታወቀውን፥ እንደ ኩፍኝ ክትባት ያለውን፥ ለማነጻጸር ብሎ መከልከል ወንጀል ነው።

እንግዲህ ወደ ቢሻሪ ቡና እንመለስ። የመልኮው ሙከራ ስለ ዛፉ ነግሮናል፤ ዛፉ በሽታውን ይቋቋማል። ስለ ቤቱ ግን አልነገረንም። ያን ችግኝ የተከለ የአሌ ወይም የበቾ ገበሬ ከአምስት ዓመት በኋላ ልጆቹን ይበልጥ ይመግባል ወይ? ለአረሙና ለለቀማው የሚከፍለው ጒልበት ትርፉን ይበላበታል ወይ? በቆሎውን ትቶ ቡና ቢተክል በክረምቱ የረኀብ ወራት ምን ይበላል? እነዚህ የቤት ጥያቄዎች ናቸው፥ የሚፈተኑትም በቤት ላይ ነው። የደን ጥያቄም አለ። በያዮ በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የቡና ደን የዱር ቡና ዘር የሚጠበቅበት ነው። የተመረጠው ችግኝ ወደ ደኑ ገብቶ የዱሩን ቡና ቢተካ የገበሬውን ገቢ ብቻ የሚለካ ሙከራ ጉዳቱን አያየውም። 74110 ራሱ የተገኘው ከእንዲህ ያለ የኢሉባቦር ቡና መሆኑ አይዘንጋ። ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጥቅም ጋር ጉዳቱን አስቀድመው ለመመዝገብ እንደሚገደዱ ሁሉ፥ እኛም ከመጀመሪያው ቀን ሊጎዳ የሚችለውን ጽፈን እንያዝ።

ለሦስት መቶ ጠያቂ የመቶ ቤተ ሰብ ችግኝ የደረሰው ሹም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። የጠያቂዎቹን ስም ሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ ስም አይጨመር፥ አይቀነስም። ዕጣውን በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ልጅ ያውጣው። ያልደረሳቸው ሁለት መቶዎች በሚቀጥሉት ሁለት ዓመቶች እንደሚደርሳቸው ተራቸው በዚያው በዕጣ ይታወቅ፤ የተሰጣቸውም ተስፋ ይፈጸም። ከመትከሉ በፊት የሁሉም ቤት መሬት፥ ከብትና ያለፈው ዓመት ምርት ይመዝገብ። ችግኙን ተቀብሎ ያልተከለውም፥ ሸጦ የበላውም በዕጣው በወጣበት ወገን ይቈጠር እንጂ ከመዝገብ አይፋቅ፤ የተከሉትን ብቻ የቈጠረ ሰው ብርቱዎቹን መርጦ ከሰጠው ሹም ጋር አንድ ስሕተት ይሠራል። ከቀበሌው የሄደ ሰው ካለም መሄዱ ይጻፍ።

ቡና ከተተከለ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሳይሞላው ደኅና ፍሬ አይሰጥምና፥ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተክለው ይጨርሳሉ፤ ሆኖም በአንድና በሁለት ዓመት ዘግይተው ስለሚተክሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መከሮች ልዩነቱን ያሳያሉ። ዕጣውን ያወጣው ሹም ግን እስከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ የስሙ ዝርዝር በሦስት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በቀበሌው፥ አንዱ በወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ በመቱ ይቀመጥ፤ ከግርጌውም ዕጣው የወጣበት ቀንና በቦታው የተገኙት ሽማግሌዎች ስም ይጻፍበት።